ስለ ጓያ መርዝና ለምርምሩ ስለሚያስፈልገው ገንዘብ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ሰውን ከረኃብ አድኖ እግሩን ስለሚነሣ አንድ እህል ነው፤ እርሱም ጓያ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው ጣናን በግራው ትቶ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። ከሐይቁ በስተሰሜን ደግሞ ደምቢያ ተዘርግቶ ይታያል። ሁለቱም አፈራቸው ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በጭቃው ላይ ጓያ ይበትናል። ዛሬ ፎገራ በሩዝ የታወቀ አገር ሲሆን፣ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ የሚዘራው ገበሬ ብዙ ነው። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ አረምም እምብዛም አያስቸግረው። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ገለባው ለከብት ይሆናል፤ ሥሩም መሬቱን ያለማል። እንዲህ ያለውን እህል ድኻ ቢወደው የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን በጓያ ፍሬ ውስጥ የሰውን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ይኸንንም መርዝ የህንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ሰው ጓያን ከሌላ እህል ጋር በመጠኑ ቢበላው ጉዳት አያገኘውም። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሰብል ሁሉ ሲደርቅና ለሳምንታትና ለወራት ከጓያ በቀር የሚበላ ሲታጣ ግን በሽታው ይመጣል። ማታ ደኅና የተኛው ሰው ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። እግሮቹ ይደርቃሉ፤ በጣቶቹ ጫፍ እየቆመና እግር በእግሩ ላይ እየተጠላለፈበት ይሄዳል። አንዳንዱ በአንድ ዘንግ ይረዳል፣ ሌላው በሁለት፣ የባሰበትም በእጁ እየዳኸ ይኖራል። አእምሮው አይነካም፤ ዕድሜውም በዚህ ምክንያት አያጥርም። ስለዚህ አርባና ሃምሳ ዓመት እንዲሁ ሊኖር ይችላል። ይልቁንም የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ ይኸውም ሞፈር የሚጨብጠውን ክንድ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒት አልተገኘለትም።

አድማጮቻችን ይኸን ነገር በከተማ ከሚሰማው አለርጂ ከተባለው ጋር እንዳያምታቱት ጥቂት ልለይላችሁ። አለርጂ ማለት ምግቡ ራሱ ለሌላው ሰው ደኅና ሆኖ ሳለ የአንዱ ሰው ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። የጓያ ጉዳት ግን ከእህሉ ከራሱ የሚመጣ መርዝ ስለ ሆነ ብዙ የበላውን ሁሉ ያሰጋል። ሁለቱን የማነሣቸው ስለ ገንዘቡ ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልጆች ላይ በበዛ ጊዜ፣ በለንደን 640 ሕፃናት ተመርጠው እስከ አምስት ዓመታቸው ተጠኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ኦቾሎኒ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የቀመሱት ልጆች ከተከለከሉት ይልቅ በበሽታው የተያዙት በብዙ እጅ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ለብዙ ጊዜ ሐኪሞች ይሰጡት የነበረው ምክር የተገላቢጦሽ ነበር ማለት ነው። የዚያን ጥናት ዋና ወጪ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ድርጅት ችሎታል። ልጁ የታመመበት ወላጅ ፊደል የቆጠረ፣ ለእንደራሴው ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። ጓያ እግሩን የወሰደበት ገበሬ ግን ለማን ይጽፋል? መድኃኒት ሠሪ ኩባንያም ቢሆን ገዢ በሌለበት ገበያ ገንዘቡን አያፈስም፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም፤ ነጋዴ ነውና።

በሽታው የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በዛሬይቱ ጀርመን ውስጥ የዉርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት እንዳይጋገር በአዋጅ ከልክሏል። እስጳኛዊው ሠዓሊ ጎያ በማድሪድ ረኃብ ዘመን፣ በ1811 እና በ1812፣ ሰዎች ጓያ ለመቀበል ከብበው አንዲት ሴት እግሯ ተይዞ መሬት ላይ ተጋድማ የሚያሳይ ሥዕል ትቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በቫፕኒያርካ እስር ቤት አይሁድ እስረኞች ጓያ እየተቀለቡ በመቶ የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ፤ ነገሩን የደረሰበትም ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ህንድም በ1961 የጓያን ሽያጭ ከልክላ ነበር። ክልከላ ግን ገበሬውን አላስተወውም፤ ድርቅ በገባበት ዓመት ሌላ ያልበቀለለትን ሰው ይህን አትብላ ማለት ምንም አትብላ እንደ ማለት ስለሚሆን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየተዞረ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት በሽታው በጣና ዙሪያ ምን ያህል እንደ ተንሰራፋ ለዓለም ገልጧል። በ1995 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንት ስለ ጓያ ለመምከር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። በዚያው ዘመን ግን በወሎ በደላንታና ዳውንት ድርቅ ገብቶ ወደ 2000 የሚደርሱ ሰዎች በዚሁ በሽታ ተመቱ። ጉባኤው በከተማ፣ ወረርሽኙ በገደል ማዶ መሆኑ ነው።

ከዚያ መከራ የተገኘው ዕውቀት ግን እጅግ የከበረ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በቤልጅግ ከሚገኘው ከጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆነው የታመመውንና ያልታመመውን ምን እንዴት አድርጎ ይበላ እንደ ነበር ጠየቁ። ያገኙት ይህ ነው፦ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት የበላው አደጋው ከፍ ይልበታል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበላው ላይ ግን ይኸው አደጋ አልታየም። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ አዝርዕት ጋር ደባልቆ ያስፈጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብልም ጨምሮ ወጥ የሠራው አደጋው ይቀንስለታል። መርዙ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑም ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ሚስጥሩ የድስቱ እንፋሎት ነው እያለ ከምጣዱ ይሸሽ ለነበረ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ወሬ እንደ ሆነ ገምቱት። ለዚህ ዕውቀት ጠያቂ፣ በቅሎ፣ ወረቀትና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

የዘሩ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ዋሴ የተባለው መርዙ ያነሰ የጓያ ዝርያ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። ታዲያ ነገሩ አለቀ አይባልም ወይ? አይባልም። አንደኛ፣ ንብ ከጎረቤት ማሳ ዱቄት ስለምታመጣ ንጹሑ ዘር ከዓመት ወደ ዓመት ይከለሳል። ሁለተኛም የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይልቁንም ሰው ጓያ ብቻ በሚበላበት በድርቁ ዓመት ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ዝርያ አውጥቶ ሪባን መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ በየመከሩ ናሙና ወስዶ መለካት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ አገር የጆን ኢነስ ማዕከል ተመራማሪዎችና ጓደኞቻቸው ተክሉ መርዙን እንዴት እንደሚሠራ ከዘር ካርታው ጋር አሳትመዋል። በዚህ መንገድ መርዙ ፈጽሞ የጠፋለት ጓያ ይገኝ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ቢሆንም የለንደኑም ሆነ የኖርዊቹ ላቦራቶሪ የፎገራን ጭቃ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ጠረጴዛ የሚመጣው፣ በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አድማጮቻችን። ጥናት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አቧራ የጠጣ የወረቀት ክምር ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱም ከዚያ አይሻልም። ነገር ግን አንድ አዲስ ዝርያ ከመዳቀል እስከ ገበሬ እጅ ለመድረስ አሥር ዓመት ያህል ይወስዳል። ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ብዙ ጊዜ የሦስት ዓመት ነው። በአራተኛው ዓመት ተመራማሪው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፤ ዘሩ በከረጢት ይቀራል፤ የመለኪያው ኬሚካል ጊዜው ያልፋል። ይኸን ክፍተት የሚሞላው የራስ በጀት ነው፤ ብዙም ገንዘብ አይደለም። ባሕር ዳር የአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲው አሉ። በአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ በወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ። ሕንፃው ቆሟል፤ ሰውም አለ። የሚያስፈልገው በየዓመቱ የማይቋረጥ፣ በአንድ መደብ ስም የተጻፈ ጥቂት ብር ነው። ለናሙና ሰብሳቢ አበል፣ ለመኪና ነዳጅ፣ ለላቦራቶሪ ኬሚካል፣ ንጹሕ ዘር ከሌላ ጓያ ርቆ ለሚባዛበት ማሳ።

የጓያ ዘር የሚበተነው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሚታጨደውም ከጥር ጀምሮ። የበጀቱ ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የኬሚካሉ ግዢ ጨረታ እንደ ልማዱ ስድስት ወር ቢፈጅ እንኳ፣ ጥያቄው በሐምሌ ከተፈረመ ለመከሩ ይደርሳል፤ በጥቅምት ከተፈረመ ግን አውድማው ተነሥቶ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው የሚደርሰው።