«ሪህ ነው» ከማለታችን በፊት



ጉልበቱ ያበጠ ሰው ሁሉ በየሰፈሩ «ሪህ ያዘው» ይባላል። ሐኪሙም አንዳንድ ጊዜ ከሰፈሩ አይለይም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሕመሙ አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ካበጠ መጋጠሚያ የተቀዳ ፈሳሽ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፣ እንደ መርፌ የሾሉ የዩሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎች አገኙ። በዓመቱ ማካርቲ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሪህ በሚመስል ሕመም ውስጥ ሌላ ክሪስታል፣ ካልሲየም ፓይሮፎስፌት፣ መኖሩን ገለጸ። ከኮምፔንሴተሩ መስመር ጋር ትይዩ ሲሆኑ የፊተኛው ቢጫ፣ የኋለኛው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ደም መርምረን ብንተውስ? አይበቃም፤ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደሙ ዩሪክ አሲድ ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ክሪስታሉን ያየ ሰው ደስ ብሎት ከማይክሮስኮፑ ይነሣል። ዳሩ ግን ክሪስታልና ባክቴሪያ በአንድ ጉልበት አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ባክቴሪያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል። የተቀዳው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም እንኳ ከፊሉ ለማይክሮስኮፕ፣ ከፊሉ ለባክቴሪያ ካልቸር ይሂድ።