የድምፅ ብልጫ ምን ያህል ይሸከማል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ብዙኃን ውሳኔና ስለ ፖለቲካ መሪነት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ የሕግና የታሪክ ሊቃውንት እንጂ የመሐንዲስ አይደለም ብዬ ነበር። ጥቂት ሳስብበት ግን፣ በሙያችን ውስጥ ከመቁጠር የበለጠ ዘወትር የምንሠራው ሥራ እንደሌለ ተገነዘብሁ። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ተሽከርካሪና እግረኛ እንቆጥራለን። ብዙ ሰው የሚመላለስበት ይቀድማል፤ ጥቂት ሰው የሚመላለስበት ተራውን ይጠብቃል። ይህም በዓይነቱ የድምፅ ብልጫ ነው፤ ልዩነቱ ድምፁ በእጅ ሳይሆን በእግር መሰጠቱ ብቻ ነው።

ይህ ቆጠራ ምንም የማይነግረን ቦታ አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኝ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ አለ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ፈርሶ ስለቀረ ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ያህል መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ወገን የቆሙ ወንዶች እየሳቡት፣ በፍርስራሹ መካከል ባለው ባዶ ላይ እየተንጠለጠለ ይሻገር ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ቆጣሪ መዝገብ ይዞ እዚያ ቢቀመጥ ኖሮ፣ በቀን ስንት ሰው ይመዘግብ ነበር? ገመዱን የደፈረውን ያህል ብቻ ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ማዶ ገበያ መድረስ የሚፈልገው ገበሬ በመዝገቡ ውስጥ አይገኙም። የማይገኙትም ጉዳይ ስለሌላቸው ሳይሆን ድልድይ ስለሌለ ነው። ቆጠራው ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ሐሰት ይሆናል።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም፣ ደርግም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥትም ለዚህ ቅስት ተራ አልሰጡትም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ በገመድ የሚሻገሩትን ሰዎች ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ አይተው የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ፤ በማግሥቱ ዓመትም ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። ጎርፍ ጥገናውን ከወሰደው በኋላም በአቅራቢያው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ለረዳን ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በአገሩ ቆጠራ ውስጥ ያልገባ ሕዝብ በባዕድ አገር መጽሔት ውስጥ መግባቱ እኛን መሐንዲሶችን ሊያሳስበን የሚገባ ነው።

ወደ ተጠየቅሁት ጉዳይ ልግባ። ዴሞክራሲ የብዙኃን አስተዳደር ነው ይባላል፤ አባባሉም ስሕተት የለበትም። አንድ ሰው ለሁሉ ከሚወስን ብዙዎች ቢወስኑ እንደሚሻል የሚከራከር በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ድምፅ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ጉዳዩ ሁሉ እንዳለቀ አድርገን የመውሰዳችን ልማድ ነው። ብልጫ ያገኘ ውሳኔ ምን ያህል ሸክም ሊችል እንደሚገባው የሚወሰነው ከቆጠራው በፊትና በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህ ከቢቸናና ከሞጣ አገር የቀረበ ማስረጃ አላውቅም።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎችም በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። ያም ሆኖ ምክር ቤቱ ይከራከር ነበር፤ ድምፅም ይሰጥ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በዚሁ ፓርላማ በኩል አልፎ ወጣ። አዋጁ አሥራትን ያስቀረ፣ ግብርን በመሬት ስፋት ሳይሆን በገቢ መጠን የሚያስከፍል ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከቀድሞው የተሻለ እንጂ የከፋ አልነበረም። እኔም በዚያን ጊዜ እንደራሴ ብሆን ኖሮ ድምፄን የምሰጠው ይመስለኛል።

ጎጃም ውስጥ ግን ሕጉ የተነበበው በሌላ ዓይን ነው። የጎጃም ገበሬ ርስቱን ይይዝ የነበረው ከዋናው አባት በመወለዱ ነው፤ መሬቱ በቀላድ አልተለካም ነበር። ቀደም ሲል መሬት ለመለካት በተሞከረ ጊዜም ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ገማቹ መዝገቡን ይዞ በደረሰ ጊዜ፣ ገበሬው ያየው የገቢ ግብር አልነበረም፤ ከገማቹ ኋላ የሚመጣውን ቀላድ፣ ከቀላዱም ኋላ ርስቱን የሚወስደውን ባዕድ ነበር። በዚህ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በልዩ ልዩ ስም ያስከፍሉት የነበረው መዋጮ ሕዝቡን አስቀድሞ አማርሮት ነበር። እንደራሴው ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሕጉን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያስረዳበት፣ መራጩም ሥጋቱን ነግሮት የሚሰደድበት ሥርዓት አልተዘጋጀም። ሕጉን ይዞ የመጣው ገማቹ ነው፤ ገማቹን ተከትሎ የመጣው ፖሊስ ነው።

በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው አልከፍልም ብሎ መሣሪያውን አነሣ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሰው ሞተ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ምሕረት ታወጀ፤ ውዝፍ ግብርም ቀረ። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ እንዳለ ሆኖ በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። በአዲስ አበባ የተቆጠረው ድምፅ ዓባይን አልተሻገረም።

አመፁን የተራማጅ ሕግ ተቃውሞ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ የጭቁኖች ትግል ነው ብለው የሚያወድሱም አሉ። በበኩሌ ሁለቱም ጥያቄውን የሳቱት ይመስለኛል። ያ ሕዝብ ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በወረራው ዘመን፣ ከመካከሉ በወጣ ሰው ይመራ ነበር። በላይ ዘለቀን የሾመው መንግሥት አልነበረም፤ የምርጫ ሣጥንም አልነበረም። ነገር ግን የሚያዝዘውን ሰው ከነአባቱ ያውቀዋል፤ ታዛዡም ለምን እንደሚታዘዝ ያውቃል። በላይ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ፤ የቢቸና ሰው ይህን አልረሳም። በ1960 ዓ.ም. በዚያ አገር ላይ ሕግ ለማውጣት የሚነሣ መሪ ይህን ትዝታ ማወቅ ነበረበት። የመሪ ሥራ ድምፅ ማሰባሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሒሳብ ሠራተኛ ይበቃን ነበር።

እስካሁን የነገርኋችሁ ከሩቅ የመጣ ብልጫ ነው። አሁን የምነግራችሁ ከቅርብ የመጣ ነው፤ ከቀደመውም ይልቅ እሱ ያስጨንቀኛል። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባወጣው አዋጅ መሠረት የገጠር መሬት እንደገና ተደለደለ። ጎጃምም አንዱ የድልድሉ ቦታ ነበር። በድልድሉ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ተመደቡ፤ ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር መያዝ ሲችል የእነሱ ጣሪያ 1 ሄክታር ሆነ። የሚፈርደው በሩቅ ያለ እንደራሴ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። በስብሰባ ላይ ስም ይጠራል፤ ይመደባል። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች በዚህ ድልድል መሬት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ቢሮክራት ከተባሉት መካከል ከዓመታት በፊት ይኸው ሕዝብ በይሁንታ የመረጣቸው ይገኙባቸዋል። ትናንት እጅ ወጥቶላቸው ስለተመረጡ፣ ዛሬ እጅ ወጥቶባቸው መሬታቸው ተቀነሰ ማለት ነው። ከእነዚህ ገበሬዎች አንዳንዶቹ አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። አቤቱታቸው ስለ ቁጥር አልነበረም፤ ብዙኃኑ እንዳልተስማማ አልተከራከሩም። የተከራከሩት፣ ብዙኃኑ ቢስማማም ከእኛ ላይ ሊወስደው የማይችለው ነገር የለም ወይ ብለው ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፖለቲካ የተፈተነበት ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ያቀረቡት የካንሳስና የነብራስካ ሕግ፣ በአዲሶቹ ግዛቶች ባርነት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን የየቦታው ሰፋሪ በድምፅ ብልጫ እንዲወስን ፈቀደ። ከዚህ የበለጠ ዴሞክራሲ ምን አለ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ውጤቱ ግን ከጎረቤት ግዛት ከሚዙሪ ድንበር ተሻግረው ድምፅ የሰጡ ሰዎችና በካንሳስ የፈሰሰ ደም ሆነ። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1858 በኢሊኖይ ከዳግላስ ጋር ሰባት ጊዜ ፊት ለፊት በተከራከሩ ጊዜ የያዙት አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ራሱን ማስተዳደር መብቱ ነው፤ ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ማስተዳደር ግን ራስን ማስተዳደር አይባልም። ባሪያው በቆጠራው ውስጥ አልገባም፤ የሚቆጠረው ግን በእሱ ላይ ነው። ሊንከን ያን ጊዜ የሴናተርነቱን ወንበር አላገኙም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም ያገኙት የሕዝብ ድምፅ ከመቶ አርባ የማይሞላ ነበር፤ ተፎካካሪዎቻቸው ሦስት ስለነበሩ ነው። ለብዙኃን አስተዳደር የተዋጉት ታላቅ መሪ ራሳቸው ግማሽ ድምፅ አልነበራቸውም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ከዚህ ተነሥተው፣ እንግዲያው ጥቂቶችን የሚጠብቅ አጥር ማጠር ነው መፍትሔው ይላሉ። አጥርም የራሱ ዋጋ አለው። የአሜሪካ ሴኔት ከእያንዳንዱ ክፍለ አገር ሁለት ሁለት ሰው ይቀበላል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ያለባት ካሊፎርኒያና ስድስት መቶ ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግ እኩል ናቸው። ይኸው ምክር ቤት የጥቁሮችን መብት የሚያስከብሩ ሕጎችን ለረጅም ዘመን በክርክር ማራዘም አግቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀረበው ሕግ ያለፈው፣ የደቡብ ሰው የሆኑት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንና የተቃዋሚው ፓርቲ የሴኔት መሪ ኤቨሬት ደርክሰን አንድ ላይ ሠርተው፣ ክርክሩን ለመዝጋት 67 ድምፅ በሚያስፈልግበት 71 ስላገኙ ነው። እዚህ ላይ የመሪነት ሥራ ምን እንደሆነ ይታያል። ያለውን ድምፅ ቆጥሮ ተቀመጠ የሚባል መሪ ቢሆን ሕጉ አይወጣም ነበር፤ ጆንሰን የሌለውን ድምፅ ሄደው ፈለጉ፤ ደርክሰንም ወገናቸውን አስረድተው አመጡ።

የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም መንገድ ይዟል። በተወካዮች ምክር ቤት ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል፤ ለአናሳ ብሔረሰቦችም ከ20 የማያንስ ወንበር ተጠብቋል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው። አደረጃጀቱ ሲታይ የታሰበበት ነው። ነገር ግን በዚሁ አደረጃጀት በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። ከዚህ በኋላ በየመንደሩ ለሌላ ወገን የተሰጠው ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚሰማበት አፍ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በሰባራው ድልድይ ላይ ያስቀመጥነው ቆጣሪ ይህን ጊዜ ትዝ ይለኛል። መዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ተጽፏል፤ ማዶ የቀረው ስንት እንደሆነ መዝገቡ አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ ለማኅበራችን የሚሆን ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ሰፊ አይደለም። የመንገድና የድልድይ ጥናት ስናቀርብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምናሰፍረው የቆጠራ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ገጽ ይጨመር፤ በዚያም ላይ በቆጠራው ቀን ሊሻገሩ ፈልገው ያልተሻገሩት፣ ለምን እንዳልተሻገሩ፣ በሁለቱም ዳርቻ ካሉ ገበያዎች ተጠይቆ ይጻፍ። መስመሩ በእርሻቸው ላይ የሚያልፍ ገበሬዎችም በስብሰባ እጅ ካወጡ በኋላ፣ እጁን ያላወጣው ሰው ምክንያት በቃለ ጉባኤው ውስጥ በራሱ አነጋገር ይስፈር። በምርጫ የሚሸነፍ ሰው ሁሉ ትክክል ነው አልልም፤ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ ግን ገማቹና ቀያሹ ከመሠማራታቸው በፊት ያን ገጽ አንብቦ ይፈርምበት።

ይህንኑ ሐሳብ በጽሑፍ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አስረክቤአለሁ። በውይይቱ ሰዓት የምትሰነዝሩትን ትችት ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ በመንገድ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ተጨማሪው ገጽ የሚወስደውን ጊዜና ገንዘብ አስልታችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።