ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለምትሄዱ ጎረቤቶች
(በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ እንዲደርስ ተጽፎ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ለኅዳር ጽዮን ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለመሄድ ገንዘብ ማዋጣት የጀመራችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። መልካም አሳብ ነው። ስለ ቦታው ክብር ካህናቱ ይነግሩናል። እኔ የምናገረው በሰላም ደርሶ በሰላም ስለመመለስ ነው፤ እኛ በሄድን ጊዜ ነገሩን ሳናውቅ ሄደን ተቸግረን ነበርና።

በቅድሚያ ቦታውን እናስተዋውቅ። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት 5 ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚገኘው እዚያ ነው። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው በዚህ ደሴት አቆይተውታል እየተባለ በትውፊት ይነገራል። የደሴቱ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ዛይኛ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። ኑሯቸውም ዓሣ ማጥመድና እርሻ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዞ ልመለስ። እኛ 11 ሆነን በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን ብለን ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ወጣን። መኪና ስንጠብቅ፣ ቁርስ ስንበላ፣ በጀልባ ዋጋ ስንከራከር ረፈደ። ደሴቱን ስንረግጥ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ተሳልመን፣ ዞረን አይተን 9 ሰዓት ላይ ወደ ጀልባው ስንወርድ ባለ ጀልባው «ነፋሱ ተነስቷል፣ አልሄድም» አለን። አንዳንዶቻችን «ገንዘብ ለመጨመር ነው» ብለን ጮህንበት። እኔም ከጮሁት አንዱ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ሰውዬው ግን ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ቆይቶ ማዕበሉ ዳር ላይ የታሰሩትን ጀልባዎች እርስ በርስ ሲያጋጭ በዓይናችን አየን። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተናገረም። የደሴቱ ሰዎች ቆሎና ውሃ ሰጥተው አሳደሩን። በማግሥቱ ማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ተመለስን። ባለ ጀልባውን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀት ብዙ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል። ነፋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው። ስለዚህ፤

አንደኛ፣ ጉዞውን የአንድ ቀን አታድርጉት። ከዋዜማው በሳሪስ በኩል ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዳችሁ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ እደሩ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሾፌሮች ጠይቁ። በሐይቁ ዳር ወባ ስላለ አጎበር ያዙ።

ሁለተኛ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከቀትር በፊት ለመመለስ ተነሱ። ዋጋውን፣ የመመለሻውን ሰዓትና የነዳጁን ነገር ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ቆጥራችሁ እዩ፣ ልበሱትም። ከጎደለ ወይም ሰው ከበዛ በሁለት ጀልባ ሂዱ። ለቆጠባ ብሎ መታጨቅ አይገባም። ባለ ጀልባው «አይሆንም» ካለ አይሆንም።

አራተኛ፣ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ልጆች በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አይጫወቱ፣ አይዋኙም። የሐይቁን ውሃ ሳይፈላ አትጠጡ። ጉማሬም ስላለ በማለዳና በምሽት ዳር ዳሩን አትዙሩ።

አምስተኛ፣ ደሴቱ ላይ ሱቅና ሆቴል አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ዝርዝር ብርና አንድ ጋቢ ያዙ፤ እንደ እኛ ብታድሩስ! ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ስድስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ አውልቁ፣ እኅቶች ነጠላ ልበሱ። የብራና መጻሕፍቱን ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ካህናቱን አስፈቅዱ። ብራና በላብ እጅ አይነካም።

ወገኖቼ፣ ጽዮንን ለመሳለም የሄደ ሰው ሬሳው በሐይቅ ሲፈለግ ማየት የሚሻ የለም። የተዋጣውን ገንዘብ የያዛችሁ ኮሚቴዎች፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ሂሳብ ጨምሩበት። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ማለዳውን የሚገዛላችሁ ግን እሱ ነው።

መልካም መንገድ።