ስልከኛው ያውቅ የነበረው
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ከተዘረጋ ወዲህ፥ ብዙ ዘመን ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ስልከኛው ነበር። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር የመስመሩ ምልክት በሰሌዳው ላይ ይታያል። ስለዚህ ደዋዩ ደንግጦ አፉ ቢተሳሰርም፥ ጥሪው ከየትኛው ቤት እንደ መጣ ስልከኛው ያውቃል፤ ለሚረዳውም ያስተላልፋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ እሳት ሲነሣ 939 እንደውላለን። የኪስ ስልካችን ግን የቆምንበትን በር አይናገርልንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የስንት ነጋዴ ጥሪት ዐመድ እንደ ሆነ እናስታውሳለን። «እሳት!» ብሎ ጮኾ ስልኩን መዝጋት አይበቃም። ተራውን፥ የቅርቡን ምልክት፥ መኪና የሚገባበትን መንገድና የሚነደውን ዕቃ መናገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ በየተራው ዞረን፥ ከባለሱቆቹ ጋር ተመካክረን፥ እነዚህን አራት ነገሮች ከቁጥሩ ጋር ጽፈን በየበሩ እንድንለጥፍ አሳስባለሁ። ፈቃደኞች ስማችሁን ዛሬውኑ አስመዝግቡ።