ጠቆር ያለ መኪና፣ ክረምት ሳይገባበት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «የመኪና ቀለም መወልወል ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? መኪና ያለው ሰው ይጨነቅበት እንጂ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በእኛ በሮቤ ከተማ መኪና ለብዙው ቤት ጌጥ ሳይሆን ጥማድ በሬ ነው። የልጆች ደብተርም፣ የቤት ኪራይም፣ የዕድር መዋጮም የሚወጣው ከእሱ ነው። ገበሬ በሬው ሲታመምበት ዝም ብሎ አያይም፤ እኛም የመኪናችን ቆዳ ሲላጥ ዝም ብለን ማየት አይገባንም።

ደግሞም ጊዜው «ይህ ካረጀ ሌላ እገዛለሁ» የሚባልበት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለው መኪና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ይገባል ማለት ነው። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማ ቢያልቅ ይለወጣል። ዝገት የበላው ላሜራ ግን ባትላሜራው ቢቆርጠው፣ ቢበይደው፣ ስቱኮ ቢሞላው እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ለመሆኑ ክረምት መኪናን የሚጎዳው በምንድን ነው? በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «መኪናህን ለክረምት አዘጋጅ» ሲሉ የሚያስቡት መንገድ ላይ የሚዘራውን ጨው ነው። በረዶ እንዲቀልጥ ብለው የሚበትኑት ጨው ላሜራን ይበላል። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ፣ ከጎማ ጋር ተጣብቆ የማይለቀው ጥቁር ዋልካ አፈር፣ ከፊት ካለው መኪና ጎማ ሥር እየተፈናጠረ የሚመጣው ጠጠር ናቸው ጠላቶቹ። ከዚያ በፊት ደግሞ የበጋው ፀሐይ ቀለሙን አድክሞት ይቆያል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የፀሐይዋ አቃጣይ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ብርድ አገር ነው ብለን እንታለላለን እንጂ ፀሐዩ እዚህ ይብሳል።

ጠቆር ያለ መኪና፣ ማለትም ጥቁሩም፣ ጥቁር ሰማያዊውም፣ ጥቁር አረንጓዴውም፣ ሙቀትን ይስባል። ጭረትና የውሃ ነጠብጣብም ፈጥኖ ያሳያል። በነጭ መኪና ላይ የማይታይ ነገር በእሱ ላይ ይታያል። ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። በእኔ አስተያየት ግን ጠቆር ያለ መኪና እውነተኛ ምስክር ነው፤ እንዴት እንደያዝነው አይደብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በብዙ ሰው ዘንድ ሁለት ነገሮች ሲምታቱ ይታያሉ፤ ፖሊሽና ሰም። ሁለቱም በጨርቅ ተቀብተው ስለሚያብረቀርቁ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ፖሊሽ ውስጡ እጅግ የላመ ሻካራ ዱቄት ስላለው ቀለሙን ይፍቃል። ሰም ግን ከላይ ይለብሳል። ፖሊሽ ይቀንሳል፤ ሰም ይጨምራል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ንግግሬ ከንቱ አልቀረም።

ለምን ቢባል፣ ፋብሪካ የቀባው ቀለም ውፍረቱ ከሥሩ እስከ ላዩ ተደምሮ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ውስጥ ከላይ ያለው መስተዋት መሰል ሽፋን የወረቀቱን ግማሽ እንኳ አያህልም። ፀሐዩንና ዝናቡን የሚመክተው እሱ ነው። «ያብረቅርቅልኝ» እያልን በየወሩ በፖሊሽ የምናሽ ከሆነ የምንጨርሰው ይህንኑ ሽፋን ነው። አንዴ ካለቀ ቀለሙ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ስለዚህ ፖሊሽ ቢበዛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለደበዘዘው ቦታ ብቻ ነው። የቆዩ መኪናዎች ደግሞ ይህ የላይ ሽፋን ጨርሶ የሌላቸው አሉ። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አሹ፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ሽፋን የለውም ማለት ነውና በጣም ተጠንቀቁ።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራ? ጊዜው የበልጉ ዝናብ ቀነስ ሲል፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ እጥበት። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙት፤ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍስሱና ጭቃው እስኪለሰልስ ተዉት። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙና ውሃ፣ ሁለተኛው ጨርቁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ። ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ጎማና ፓራፋንጎ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ የነበረውን ሰም ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ካለበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን ለስላሳ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ከወረደ በኋላ ያለውን በበርሜል አጠራቅሙ። ታጥቦ ሲያበቃም በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ አድርቁት።

ሁለተኛ፣ ዝገት ፍለጋ። በጠጠር የተመታ ቦታ ሁሉ ይታይ። በሮቹን ክፈቱና ከታች ጠርዛቸው ላይ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ጥረጉ። ብዙ በር ከውስጥ የሚዘግገው እነዚህ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ውሃ ስለሚያቁር ነው። የዛገ ነጥብ ካለ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ እስኪጠፋ ፈግጉት፤ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፤ ሲደርቅ የመኪናውን ቀለም በክብሪት እንጨት ጫፍ ወይም በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉበት። ይህ ከሰሙ በፊት መሆን አለበት፤ ሰም በተቀባ ላይ ቀለም አይዝም።

ሦስተኛ፣ የመዳሰስ ፈተና። እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ የታጠበውን ኮፈን በቀስታ ዳብሱት። አሸዋ አሸዋ ካለ ገና አልጸዳም፤ እንደገና ይታጠብ። በቆሸሸ ላይ ፖሊሽ ማሸት በአሸዋ እንደ ማሸት ነው። ከጸዳ በኋላ የደበዘዘ ቦታ ካለ እሱን ብቻ፣ በእጅ፣ ሳትጫኑ በፖሊሽ እሹት።

አራተኛ፣ ሰም። ለአንድ አውቶሞቢል ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። በስሱ ቀቡት፤ ደርቆ ጉም ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ወፍራም መቀባት ሰሙን ማባከን ነው እንጂ ጥበቃውን አይጨምርም። «እኛ አገር ሰም ሞልቷል፤ የጧፍ ሰም አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ደግሞ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ ለስልሶ አቧራ ይሰበስባል። በየሱቁ የሚሸጠው የመኪና ሰም ብዙውን ጊዜ ካርናውባ ከሚባል የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም አለበት፤ ይህ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሰም ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ውሃ ስታፈሱበት እንደ ቅባት ላይ ውሃ ድብልብል ብሎ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከቀረ አልቋል። ነሐሴ ላይ ፀሐይ የወጣበት ቀን ስታገኙ አንዴ ድገሙት።

አሁን ደግሞ ከልማዳችን መተው ያለብንን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይቅር። በጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በናፍጣ ወይም በላምባ መወልወልም ይቅር፤ ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፣ በማግሥቱ አቧራ ይጠራል፣ ጎማ ነክ ዕቃዎችንም ያበላሻል። ጭረት ለመሸፈን የጫማ ቀለም የሚቀባም አለ፤ ዝናቡ አጥቦ ልብሳችሁ ላይ ያደርገዋል። የጥርስ ሳሙናም ያው ሻካራ ነው። የወፍ ኩስ ካረፈበት በጥፍር አትፋቁ፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ሲለሰልስ አንሱት፤ አታሳድሩት፣ ቀለሙን ይበላልና። አቧራ ባለበት መኪና ላይም ሸራ አታልብሱ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲፍቀው ያድራል።

ከመጨረሴ በፊት ሁለት ነገር ልጨምር፤ እነዚህ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው ስለሚያጥቡልን ልጆች ነው። መኪናው ላይ ጭረት በታየ ቁጥር «አጣቢው ነው ያበላሸው» ተብሎ የልጁ ገንዘብ ይያዝበታል። እስቲ በእውነት እንነጋገር! አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ጭቃ የጠገበ ጨርቅ ሰጥተነው፣ «ቶሎ በል፣ እቸኩላለሁ» ብለነው፣ ጭረቱ የማን ነው? ሁለተኛ ባልዲና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ከእኛ ከባለ መኪናዎቹ ይምጣ። ልጁም ሥራውን ተምሮ ነገ የራሱን ላቫጆ ሊከፍት ይችላል፤ እኛም ቀለማችን ይተርፍልናል።

ሁለተኛው ስለ ወንዝ ነው። መኪናን ወንዝ ዳር አቁሞ ማጠብ ይቅር። ሳሙናውና ዘይቱ ወርዶ ከታች ከብት የሚያጠጣውንና እንስራ የምትሞላውን ያገኛታል። ማኅበራችን ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ጠጠር የፈሰሰበት አንድ የማጠቢያ ቦታ ቢወስንና ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በርሜል ቢያስቀምጥ ወጪው ተካፍለነው የሚከብድ አይደለም። ይህን ለውሳኔ አቀርባለሁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ግንቦት ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቀን፣ መስከረም ላይ ከባትላሜራው ደጅ ከመቆም ያድናል።