ድምፅ ማጉያውን ከመለወጥ ቦታውን መለወጥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በደባርቅና በዳባት ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ያለው ሰው ንግግሩ አልለይ ሲለው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ድምፁን መጨመር ነው። ያም ካልረዳው ገንዘብ አጠራቅሞ ጎንደር ይወርድና ከፊተኛው የገዘፈ ድምፅ ማጉያ ይገዛል። አዲሱም ያንባርቃል እንጂ ቃሉ አይለይም። በዚህ የሚጎዱት ዜና መስማት የሚሹት አረጋውያንና በጎረቤት ሆኖ የሚያጠናው ተማሪ ናቸው። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የአቀማመጡና የቤቱ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ አንድ የትምህርት አዳራሽ ንግግር አላሰማ ስላለ፣ ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር እንዲመረምረው ታዘዘ። ቢለካው፣ አንድ ድምፅ ከወጣ በኋላ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል በአዳራሹ ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ሳቢንም ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች በሌሊት እያስመጣ ቢደረድር፣ ትራሱ በበዛ መጠን ድምፁ ቶሎ የሚጠፋ ሆነ። ለስላሳ ነገር ድምፅን ይጠጣል፤ ደረቅ ነገር ግን ይመልሰዋል።

ይህንን ወደ ቤታችን እናምጣው። በሣር ቤት ክዳኑ ድምፅን ይጠጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን በሆነበት ቤት ግን ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላተመ ይቆያል። ወደ ሣር ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ቆርቆሮ ከፍሳሽና ከእሳት ያሳርፋል። ነገር ግን ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለሌላ መስጠት ይገባናል። አገራችን ብርዳም ስለ ሆነች ወፍራም ልብስ ከቤት አይጠፋም፤ የበግ አጎዛ፣ ምንጣፍ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ለዚሁ ይበቃሉ።

አቀማመጡንም እንመልከት። በብዙ ቤት ማጉያው ቡፌ ላይ፣ ከማዕዘን ተወትፎ ይቀመጣል። ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያበዛል፤ እርሱም የንግግሩን ፊደል ይሸፍናል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ስንዝር ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፤ ቁመቱም ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል። ማጉያዎቹ ሁለት ከሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ካለው ጋር እኩል ይሁን። ፊቱን በዳንቴል ቢሸፍኑት ብዙ አይጎዳም፤ ላስቲክ ግን ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል።

ጆሯቸው ለደከመ አረጋውያን ደግሞ ማጉያውን ማቅረብ ይሻላል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ በቀጥታ የሚደርሳቸው የድምፅ ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ ጎረቤትም አይታወክም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ በክፍሉ መካከል ቆመን አንድ ጊዜ እናጨብጭብ። ቤቱ መልሶ ካጨበጨበልን ምንጣፍ ይሻል ማለት ነው። ከዚያም ማጉያውን እያነሣን ሁለት ሦስት ቦታ እንሞክረው፤ የሚመርጡት ግን አዳማጮቹ አባትና እናት ይሁኑ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለአዲስ ዕቃ የታሰበው ብር ለደብተርና ለመጽሐፍ ይተርፋል።