እርማት መቼ አዲስ ቅጅ ይሁን?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት አነስተኛ፣ ሲመረምሩት ግን የመዝገብን ታማኝነት የሚነካ ነው። ይኸውም ብዙ ሰዎች በጋራ በሚጽፉበት የዊኪ ገጽ ላይ የተደረገ እርማት መቼ ራሱን የቻለ አዲስ ቅጅ ሆኖ ይቀመጥ? የሚለው ነው።

መካነ ሰላም ተቀምጦ ስለ ቦረናና ስለ ሳይንት ደጋ የሚጽፍ አንድ መምህር እናስብ። መብራት እንዳይጠፋበት በመስጋት ጽሑፉን በየአንቀጹ ያስቀምጣል። አማርኛ ውክፔድያ በሚሠራበት በሚዲያዊኪ ደንብ፣ ጽሑፉን የለወጠ ማስቀመጥ ሁሉ አንድ ቅጅ ይወልዳል። «ጥቃቅን ለውጥ» የሚለው ምልክትም ቅጁን ለይቶ ያሳያል እንጂ አያስቀረውም። ከዚህም የተነሣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሠላሳ ቅጅ ይሆንና አንባቢው ፍሬውን ከገለባው ለመለየት ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ቲዊኪና በ2008 ከእርሱ የተገነጠለው ፎስዊኪ ሌላ መንገድ መርጠዋል። ያው ጸሐፊ በተወሰነ ጊዜ፣ እንደ መነሻው ደንብ በ3,600 ሴኮንድ ውስጥ፣ ደግሞ ቢያስቀምጥ እርማቱ በፊተኛው ቅጅ ላይ ይተካል። ጸሐፊው ከፈለገ ግን አዲስ ቅጅ እንዲፈጠር ማስገደድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሰዓት ትርጉምን አይመዝንም። «መካነ ሠላም» የሚለውን «መካነ ሰላም» ብሎ ማረም ሐሳቡን አይነካም። «ደንቆሮ ደን» የሚለውን «ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ» ብሎ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደን ፓርክ ሲባል ከስሙ ጋር ሕጋዊ አቋሙም ይለወጣልና። ይህ እርማት ሰዓቱ ሳያልፍ ከፊተኛው ጋር ቢዋሐድ፣ የቀድሞውን ስም ገልብጦ የወሰደ ተማሪ ምንጩን ተመልሶ አያገኘውም፤ ሳይዋሽ ሐሰተኛ ይባላል።

የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ፊደል ይፍቁ ነበር፤ የርስትና የጉልት ጉዳይ ሲሆን ግን በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ለብቻው ያሰፍሩት ነበር። እኛም እንዲሁ እናድርግ። አንድ እጅ በአንድ መቀመጫ የለቀመው የፊደል ግድፈት ይዋሐድ፤ ስም፣ ወሰን፣ ቁጥር ወይም ዓመተ ምሕረት ከተለወጠ፣ ወይም ሌላ ሰው ገጹን አንብቦ ከጠቀሰው፣ አዲስ ቅጅ ይፈጠር፤ ምክንያቱም በአንድ መስመር ይጻፍ።

መሣሪያው ሰዓት ይቆጥርልናል፤ የምስክርነቱ ኃላፊነት ግን የእኛው ነው።